ከአባት ደጅ እስከ ንጉሥ ችሎት፦ የወላጅ ክብር በቻይና ታሪክ

የቻይናን ነባር ግብረ ገብ ለመረዳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጽንሰ ሐሳብ ቢኖር «ሺያኦ» የሚባለው ነው። ሺያኦ ልጅ ለወላጁ የሚሰጠውን ክብር፣ በእርጅናው ዘመን የሚጦርበትን ግዴታ፣ ሲሞት የሚያዝንበትንና የሚቀብርበትን ሥርዓት፣ ከተቀበረም በኋላ በየጊዜው የሚያቀርብለትን መሥዋዕት ሁሉ አጠቃልሎ የሚይዝ ሲሆን፣ ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም መሠረት ሆኖ ተቆጥሯል። ይህን እሴት ከኮንፊሽየስ ስም ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ ማያያዙም ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ከምንጩ ተከትሎ የመረመረ ሰው አንድ ሳይሆን ሦስት ነገሮችን ያገኛል፦ ከኮንፊሽየስ አስቀድሞ የነበረ የሙታን አምልኮ፣ ኮንፊሽየስ ራሱ ያስተማረው በአባትም በልጅም ላይ ግዴታ የሚጥል ትምህርት፣ ከእርሱ ሞት በኋላ ደግሞ ነገሥታት በሕግና በሹመት ያጸኑት የአንድ ወገን ታዛዥነት። በ20ኛው መቶ ዘመን የተነሡ ቻይናውያን ምሁራን ቀንበር ነው ብለው የታገሉት በአብዛኛው ሦስተኛውን ሲሆን፣ ፍርዱን የተቀበለው ግን ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ የተገኘው ዛሬ ሄናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ አንያንግ ከተማ አጠገብ፣ የሻንግ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ርዕሰ ከተማ ከነበረው ፍርስራሽ ነው። በዚያ የሻንግ ነገሥታት ጠንቋዮች በበሬ ትከሻ አጥንትና በኤሊ ቅርፊት ላይ እሳት እያስጠጉ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ያነቡ፣ ጥያቄውንም በአጥንቱ ላይ ይቀርጹ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ዉ ዲንግ ጥርሱን ሲያመው ያስጠየቀው መድኃኒቱን ሳይሆን ከሞቱት አያት ቅድመ አያቶቹ መካከል ሕመሙን ያመጣበት የትኛው እንደሆነ ነው። ለሻንግ ሰዎች የሞተ አባት አልራቀም፤ ይቈጣል፣ ይራባል፣ ዝናብ ይከለክላል፣ ስለዚህም በከብትና በመጠጥ መሥዋዕት ሊታረቁት ይገባል። በ1046 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ሻንግን ድል አድርጎ የተተካው የዦው ሥርወ መንግሥትም ይህን ልማድ ወረሰ፤ በዘመኑ በተሠሩ የነሐስ ዕቃዎች ላይ ሺያኦ የሚለው ቃል የሚገኘውም በብዛት ለሞቱ አባቶች ከሚቀርብ መሥዋዕት ጋር ተያይዞ ነው። ቃሉ በሕይወት ወዳለው ወላጅ ያዘነበለው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ለዚህ ለውጥ ከማንም በላይ የሚጠቀሰው የሉ ግዛት ተወላጁ ኮንግ ቺዩ ነው።

ኮንግ ቺዩ፣ ወይም ኢየሱሳውያን ካህናት የክብር ስሙን ወደ ላቲን በመለሱት አጠራር ኮንፊሽየስ፣ የተወለደው በ551 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ባለችው ቹፉ አካባቢ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አባቱ የሞተው እርሱ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው፤ ስለ አባትና ልጅ ብዙ ያስተማረው ሰው ያደገው በእናቱ እጅ በድህነት ነበር። በወጣትነቱ የእህል ጎተራና የከብት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ፤ በሉ መንግሥት ውስጥ ከፍ ወዳለ ሹመት ደርሶም እንደነበር ይነገራል፤ ኋላ ግን ምክሩን የሚሰማ ገዥ ፍለጋ ለ14 ዓመታት ያህል ከግዛት ወደ ግዛት ተንከራቶ፣ ያሰበውን ሳያገኝ ወደ አገሩ ተመለሰና በማስተማር ላይ ሳለ በ479 ዐረፈ።

የኖረበት ዘመን የዦው ንጉሥ በስም ብቻ የቀረበት፣ በየግዛቱ ያሉ መሳፍንትም እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ነበር። ጦርነቱ በግዛትና በግዛት መካከል ብቻ አልቀረም። በ626 የቹ ግዛት አልጋ ወራሽ አባቱን በቤተ መንግሥቱ ከቦ እንዲሞት አስገደደው፤ አባትየው ከመሞቱ በፊት የድብ መዳፍ ልብላ ብሎ ቢለምን፣ ያ ምግብ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጅ በመሆኑ ልጁ ምክንያቱ ጊዜ መግዛት መሆኑን ዐውቆ ከለከለው። በኮንፊሽየስ በራሱ ዕድሜ ደግሞ የዌይ ግዛት አልጋ ወራሽ ከአባቱ ተጣልቶ ተሰደደ፤ አባቱ በ493 ሲሞት የስደተኛው ልጅ ነገሠ፤ የነገሠውም ልጅ ወላጅ አባቱ ወደ አገሩ እንዳይገባ በጦር ከለከለው። አባትየው በመጨረሻ በ480 በአመፅ ተመልሶ ሥልጣኑን ሲይዝ፣ የኮንፊሽየስ የቅርብ ደቀ መዝሙር የነበረው ዚሉ በዚያ የአባትና የልጅ ጠብ መካከል ተገደለ። ኮንፊሽየስ አባት እንደ አባት፣ ልጅም እንደ ልጅ ሊሆን ይገባል ብሎ ሲያስተምር የተናገረው ለተደላደለ ቤተሰብ የሚሆን ምክር አልነበረም፤ በዐይኑ ያየው መንግሥት የፈረሰው ከዚያ ነበርና።

ከሞተ በኋላ ደቀ መዛሙርቱና የእነርሱ ተማሪዎች ቃሉን ሰብስበው ባዘጋጁት «ሉንዩ» በተባለው ባለ 20 ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ሺያኦ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ኮንፊሽየስ ወላጅን ማብላት ብቻውን ክብር አይባልም፣ ሰው ውሻውንና ፈረሱንም ያበላልና፣ የሚለየው በሚያበሉበት ጊዜ ያለው ፊትና ልብ ነው የሚል አሳብ ነበረው። ለእርሱ የግብረ ገብ ሁሉ አናት «ሬን» ነው፤ ይህም ሰው ለሰው ያለው ርኅራኄና ሰብአዊነት ማለት ነው። ሬን ሊገለጥ የሚችለው ደግሞ በ«ሊ» አማካይነት ነው፤ ሊ ከሰላምታ አሰጣጥ ጀምሮ እስከ ቀብርና እስከ መሥዋዕት ድረስ ያለውን ወግና ሥርዓት ያመለክታል። ሺያኦ የሁለቱ መጋጠሚያ ነው፤ ሕፃን ልጅ ርኅራኄንም ወግንም መጀመሪያ የሚማረው ከወላጆቹ ጋር ባለው ኑሮ ስለሆነ።

ኮንፊሽየስ ይህን ትምህርት እንደ ዝግ ትእዛዝ አለማቅረቡ በተለይ ሊታወስ ይገባል። ዛይ ዎ የተባለው ደቀ መዝሙር ለወላጅ ሦስት ዓመት ማዘን ይበዛል፣ አንድ ዓመት ይበቃል ብሎ በተከራከረው ጊዜ፣ መምህሩ መጀመሪያ የጠየቀው ወላጅህ ከሞተ በዓመቱ ጥሩ ሩዝ ብትበላና ሐር ብትለብስ ልብህ ያርፋል ወይ ብሎ ነው። ዛይ ዎ ያርፋል ሲል፣ እንግዲያስ አድርገው ብሎ ተወው። ከሄደ በኋላ ግን ልጅ ከወላጁ ክንድ የሚወርደው ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑን አንሥቶ ሰውየው ፍቅር እንደሚጎድለው ተናገረ። ነቀፈው እንጂ አልቀጣውም፤ ሚዛኑም የሕሊና ሚዛን ነበር። ወላጅ ሲሳሳት ልጁ በለዘበ ቃል ሊመክረው እንደሚገባም አስተምሯል፤ ኋላ የተዘጋጀውና «ሺያኦጂንግ» የተባለው አጭር የሺያኦ መጽሐፍም አባት ወደ ኃጢአት ሲሄድ ልጁ ዝም ማለቱ ሺያኦ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። አወዛጋቢው ነገር ሌላ ነው። በአንድ ግዛት በግ የሰረቀ አባቱን የሚያጋልጥ ቀጥተኛ ሰው እንዳለ ሲነገረው፣ ኮንፊሽየስ በእርሱ አገር ቀጥተኛነት አባት ልጁን፣ ልጅም አባቱን መሸፈን እንደሆነ መለሰ። ሁለቱም ይሸፋፈናሉ ማለቱን ልብ ይሏል፤ ይህች መልስ ከዘመናት በኋላ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ትገኛለች።

ተቃዋሚ አልታጣም። ሞዚ የተባለው ፈላስፋ ፍቅር ለሁሉ እኩል ሊሰጥ ይገባል፣ ለራስ ዘመድ ማዳላት የጠብ ሁሉ ምንጭ ነው አለ፤ ለቀብርና ለረጅም ሐዘን የሚባክነውን ሀብትና ጉልበትም አወገዘ። ከኮንፊሽየስ ሞት አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተወለደው ሜንሲየስ ግን የመምህሩን መንገድ አስፍቶ አምስቱን ግንኙነቶች ዘረዘረ፦ በአባትና በልጅ መካከል ፍቅር፣ በገዥና በተገዥ መካከል ፍትሕ፣ በባልና በሚስት መካከል የድርሻ ልዩነት፣ በታላቅና በታናሽ መካከል ቅደም ተከተል፣ በጓደኞች መካከል መተማመን። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ትእዛዝና ታዛዥ የሚል ነገር የለም። ሜንሲየስ ጨቋኝ ንጉሥ ንጉሥ መባሉ ቀርቶ ተራ ወንበዴ ይሆናል እስከ ማለትም ደርሷል።

ታዛዥነትን ብቻውን የመንግሥት መሠረት ያደረጉት ሌሎች ናቸው። በሃን ፌይ ስም በሚጠራው መጽሐፍ ውስጥ ተገዥ ገዥውን፣ ልጅ አባቱን፣ ሚስት ባሏን ካገለገሉ ዓለም ይደላደላል፣ እነዚህ ሦስቱ ከተገለበጡ ግን ይታወካል የሚል አሳብ ይገኛል። ሃን ፌይ ሕገኞች ከሚባሉት ወገን ነው፤ እነርሱም ሰው በሽልማትና በቅጣት እንጂ በትምህርት አይገዛም ብለው ያምኑ ነበር። በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቻይናን አንድ ያደረገው የቺን መንግሥት በሕገኞች መንገድ የሄደ ሲሆን፣ በ213 በሚኒስትሩ በሊ ሲ ምክር የኮንፊሽየስ ተከታዮች የሚያከብሯቸው መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ታዘዘ። መንግሥቱ ዐሥራ አምስት ዓመት ብቻ ኖሮ ወደቀ፤ አሳቡ ግን አልወደቀም።

የሃን ሥርወ መንግሥት የቺንን አስተዳደር ከነመዋቅሩ ወርሶ የኮንፊሽየስን ልብስ አለበሰው ማለት ይቻላል። ከመሥራቹ ከጋኦዙ በኋላ የነገሡት የሃን ነገሥታት ሲሞቱ በሚሰጣቸው የክብር ስም ላይ ሺያኦ የሚለው ቃል ይቀድም ነበር። ንጉሥ ዉ በ136 ኮንፊሽየሳዊ ለሆኑት አምስት መጻሕፍት መምህራንን ሾመ፤ በ124 ደግሞ በ50 ተማሪዎች የሚጀምር የንጉሠ ነገሥት ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከሁሉ ይልቅ ዘላቂ ውጤት ያመጣው ግን በ134 የወጣው ትእዛዝ ሲሆን፣ በዚህ መሠረት የየአውራጃው ገዥዎች ወላጅ አክባሪና እጀ ንጹሕ የሆኑ ሰዎችን እየመረጡ ለሹመት ወደ ርዕሰ ከተማ ይልኩ ጀመር። ሺያኦ የእንጀራ በር ሆነ። በ79 ዓ.ም. በንጉሡ ፊት በነጭ ነብር አዳራሽ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ደግሞ ሦስቱ ማሰሪያዎች የሚባሉትን አጸደቁ፤ ገዥ የተገዥ፣ አባት የልጅ፣ ባል የሚስት አውራ ነው ማለት ነው። የሜንሲየስ አምስት ግንኙነቶች ሁለት ወገን ነበራቸው፤ ሦስቱ ማሰሪያዎች ግን ወደ ታች ብቻ ያስራሉ፤ አሳቡም ከኮንፊሽየስ ይልቅ ለሃን ፌይ ይቀርባል።

ምግባር የሹመት መንገድ ሲሆን ምን እንደሚከተል የሃን ታሪክ ራሱ መዝግቦታል። ዣኦ ሹዋን የተባለ ሰው ወላጁን ከቀበረ በኋላ የመቃብሩን መግቢያ ዋሻ ሳይዘጋ በዚያው ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በሐዘን ኖረ፤ ዝናውም በአውራጃው ሁሉ ተሰማ፤ ባለ ሥልጣናትም ደጋግመው ለሹመት ጠሩት። በኋላ ለአውራጃው ገዥ ለቼን ፋን ሲያስተዋውቁት፣ ገዥው ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ጠየቀው፤ አምስቱም ልጆቹ የተወለዱት በሐዘኑ ዘመን ሆኖ ተገኘ። በወጉ ሐዘንተኛ ከሚስቱ መለየት ነበረበት። ቼን ፋን ሕዝብ አታልለሃል፣ የሙታንንም ማደሪያ አርክሰሃል ብሎ ቀጣው። የግለሰቡ ማስመሰል የሚያሳዝን ነው፤ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን አንድ ሰው ሃያ ዓመት በመቃብር እንዲቀመጥ የሚያደርግ ጥቅም በመንግሥት መዘርጋቱ ነው።

ቡድሂዝም ከሕንድ በመካከለኛው እስያ በኩል ሲገባ ከባድ ክስ የቀረበበት በዚሁ በሺያኦ ስም ነው። ሥጋና ጠጉር ከወላጅ የተገኘ አደራ ነው በሚባልበት አገር ራሱን የሚላጭ፣ ቤቱን የሚተው፣ ዘር የማያስቀር መነኩሴ እንደ ከዳተኛ ታየ። ቡድሂስቶች ሙግት የገጠሙት በመቃወም ሳይሆን በማስማማት ነው፤ ሙሊያን የተባለው መነኩሴ እናቱን ከሲኦል እንዴት እንዳወጣ የሚተርከው ታሪክ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ተወደደ፤ በሰባተኛው ወር በ15ኛው ቀን ለሙታን የሚደረገው በዓልም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

በታንግ ዘመን፣ በ653፣ የወጣው የሕግ መጽሐፍ ሺያኦን ከወግ ወደ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አሻገረው። የቀደሙት የሥርዓት መጻሕፍት ያዘዙት ሐዘን በከባድነቱ የታወቀ ነበር፤ አባቱ የሞተበት ልጅ ጠርዙ ያልተሰፋ ሻካራ ማቅ ይለብሳል፣ የገለባ ጫማ ያደርጋል፣ በቀርከሃ ምርኩዝ ይደገፋል፣ በመጀመሪያው ጊዜ ቀጭን ገንፎ እየጠጣ በጎጆ ውስጥ በገለባ ላይ የአፈር ጓል ተንተርሶ ይተኛል። በስም ሦስት ዓመት የሚባለው ይህ ሐዘን በተግባር 27 ወር ገደማ ይቆያል። የታንግ ሕግ ወላጅን አለማክበርን ምሕረት ከማይደረግላቸው ዐሥር ታላላቅ ወንጀሎች ተርታ መደበው። ወላጁን የሰደበ ታንቆ ይሞታል፤ የመታ አንገቱ ይቀላል፤ ወላጆቹ በሕይወት ሳሉ ቤትና ንብረት የለየ ሦስት ዓመት የግዳጅ ሥራ ይፈረድበታል፤ በሐዘን ወራት ልጅ የወለደ አንድ ዓመት። በአንጻሩ ትእዛዝ የጣሰ ልጁን ደብድቦ የገደለ አባት የሚፈረድበት የአንድ ዓመት ተኩል የግዳጅ ሥራ ነው። ኮንፊሽየስ ስለ በጉ ሌባ የተናገረውም እዚህ ቦታ አገኘ፤ ዘመድ የዘመዱን ወንጀል ቢሸፍን፣ ወንጀሉ በመንግሥት ላይ ካልሆነ በቀር፣ አይቀጣም። ነገር ግን አባቱን በዳኛ ፊት የከሰሰ ልጅ፣ ክሱ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ በሞት ይቀጣል። ኮንፊሽየስ ለአባትም ለልጅም የተናገረው የመሸፋፈን ግዴታ በሕጉ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ቀሎ፣ ከታች ወደ ላይ ሞት ሆኖ ተመዘነ።

ሴቶች በዚህ ሥርዓት ውስጥ የነበራቸው ቦታ ሁለት መልክ ነበረው። ሴት ልጅ በልጅነቷ ለአባቷ፣ በትዳሯ ለባሏ፣ ባሏ ሲሞት ለወንድ ልጇ እንድትታዘዝ ይጠበቅባት ነበር፤ በሃን ዘመን የነበረችው ምሁር ባን ዣኦ ለሴቶች የጻፈችው የምክር መጽሐፍም ትሕትናንና መታዘዝን ያስተምራል። በሶንግ ዘመን ፈላስፋው ቼንግ ዪ መበለት በረሃብ ብትሞት እንኳ ዳግመኛ ከማግባት ይሻላታል እስከ ማለት ደረሰ፤ በሚንግና በቺንግ ዘመናትም መንግሥት ሳያገቡ ለኖሩ መበለቶች የድንጋይ ቅስት በማቆም ያከብራቸው ስለ ነበር፣ ዘመዶች ለቤተሰቡ ክብር ሲሉ በመበለቲቱ ላይ የሚያሳድሩት ጫና ከባድ ሆነ። በሌላ በኩል እናት በልጇ ላይ ያላት መብት ታላቅ ነበር፤ ከፍም እያለ ሄደ። በጥንቱ ወግ አባት በሕይወት ካለ ለሞተች እናት የሚታዘንላት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ኋላ በራሷ ስም የነገሠችው ዉ ዘቲያን ገና ንግሥት ሳለች በ674 ለእናትም ሦስት ዓመት እንዲታዘን ጠየቀች፤ የሚንግ መሥራች በ1374 ያወጣው ሥርዓት ደግሞ የእናትን ሐዘን ከአባት ጋር በማቅም በዘመንም እኩል አደረገው።

ሺያኦን ከመኳንንት ግቢ ወደ ገበሬው ቤት በማዳረስ ረገድ ከዡ ሺ (1130–1200) የሚስተካከል የለም። ይህ የሶንግ ዘመን ሊቅ አራቱ መጻሕፍት የተባሉትን በአንድነት አሰናድቶ ተረጎማቸው፤ የቤተሰብ ሥርዓት መጽሐፍም አዘጋጅቶ የጋብቻን፣ የቀብርንና የአባቶችን መታሰቢያ ወግ ተራ ቤተሰብ ሊፈጽመው በሚችል መልክ አቀለለው። የሞንጎሊያው የዩዋን ሥርወ መንግሥት በ1313 የዡ ሺን ትርጓሜ የመንግሥት ፈተና መመዘኛ እንዲሆን ወሰነ፤ ፈተናው በ1905 እስኪሻር ድረስ ሹመት የፈለገ ወጣት ሁሉ እነዚህን መጻሕፍት በቃሉ ያጠና ነበር።

ሥርዓቱ ከመንግሥት ጥቅም ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን በ1577 ከታየው ይልቅ የሚያስረዳ የለም። የሚንግ ታላቅ ሚኒስትር የነበረው ዣንግ ጁዠንግ አባቱ በአገሩ በጂያንግሊንግ መሞቱ ተነገረው። ሕጉ ማንኛውም ሹም ወላጁ ሲሞትበት ሥልጣኑን ትቶ 27 ወር በቤቱ እንዲያዝን ያዛል። ዣንግ ግን የግብር ሥርዓቱን እያስተካከለ፣ የ14 ዓመቱን ንጉሥ ዋንሊንም እያስተማረ ነበርና፣ ንጉሡ ሥራህን አትልቀቅ ብሎ አዘዘው፤ እርሱም ደመወዙን ትቶ፣ ተራ ልብስ ለብሶ በሥራው ቆየ። አምስት ሹማምንት ተቃወሙ፤ ከእነርሱም ዉ ዦንግሺንግና ዣኦ ዮንግሺያን በፈተና ያሳለፋቸው የራሱ የዣንግ ደቀ መዛሙርት ነበሩ። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 60፣ የቀሩት ሦስቱ 80 ዱላ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ተመቱ። ዣኦ ከድብደባው የተነሣ መዳፍ የሚያህል ሥጋ ከገላው ወደቀ፤ ሚስቱም ያንን ሥጋ አድርቃ አስቀመጠችው። ዞው ዩዋንቢያኦ የተባለው ወጣት ሹም ዕድሜ ልኩን አንካሳ ሆነ። ዣንግ በ1578 ሄዶ አባቱን ቀብሮ ተመለሰ፤ በ1582 ሲሞት ግን ጠላቶቹ ተነሡ፤ ማዕረጉ ተገፈፈ፣ በ1584 ንብረቱ ተወረሰ፣ ቤተሰቡ በግቢው ተዘግቶበት ከዐሥር በላይ ሰዎች በረሃብ አለቁ፣ የበኩር ልጁም ራሱን ሰቀለ። ደብዳቢዎቹም ተደብዳቢዎቹም የሚጠቅሱት ኮንፊሽየስን ነበር። ከዛይ ዎ ጋር በተደረገው ውይይት ግን ዱላ አልነበረም።

የአባቶች መታሰቢያ ከአውሮፓ በመጡ ሰዎችም ዘንድ ክርክር አስነሣ። ኢየሱሳዊው ማቴዮ ሪቺ በ1582 ማካው ደርሶ በ1601 ቤይጂንግ የገባ ሲሆን፣ ለአባቶችና ለኮንፊሽየስ የሚደረገው ሥርዓት አምልኮ ሳይሆን የክብር ወግ ነው ብሎ ክርስቲያን የሆኑ ቻይናውያን እንዲቀጥሉበት ፈቀደ። የዚሁ ማኅበር አባላት በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ነበሩ፤ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ነባሩን ወግ ለመሻር በመነሣቱ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በአፄ ፋሲለደስ እጅ ማኅበሩ ከአገር ወጣ። በቻይና የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ የአገሩን ወግ ያከበሩትን ካህናት የረታቸው ሮማ ነበር። ር. ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 11ኛ በ1704ና በ1715 ሥርዓቱን ከለከሉ፤ ንጉሥ ካንግሺም በ1721 የክርስትናን ስብከት አገደ። ሮማ ክልከላውን ያነሣችው በ1939 ነው።

ካንግሺ ራሱ በ1670 ለሕዝቡ ባወጣው ባለ 16 አንቀጽ ትእዛዝ መጀመሪያ ያስቀመጠው የወላጅና የወንድም ክብርን ነው። ልጁ ዮንግዠንግ በ1724 አብራርቶ እንዲጻፍ አደረገ፤ በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀንም በየመንደሩ ይነበብ ነበር። ማንበብ የማይችለው ደግሞ ከ24ቱ የሺያኦ አርአያዎች ሥዕልና ተረት ይማር ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጉኦ ጁ የሚባል ድኻ ሲሆን፣ ለእናቱ የሚበቃ ምግብ ስላጣ የሦስት ዓመት ልጁን ሊቀብር ጉድጓድ ሲቆፍር ወርቅ አገኘ ይላል ተረቱ። ደራሲው ሉ ሹን በ1926 በጻፈው ድርሰት፣ በልጅነቱ ይህን ባነበበ ጊዜ የቤተሰቡ ድህነት ሲበረታ አባቱ ለአያቱ ሲል እንዳይቀብረው ፈርቶ እንደነበር አስታውሷል። ልጅን ወላጁን እንዲፈራ የሚያደርግ ትምህርት ከሬን ጋር በምንም አይገናኝም፤ የሉ ሹን ቁጣ ትክክለኛ ቁጣ ነበር።

የሉ ሹን ትውልድ በ1915 በተጀመረው «አዲስ ወጣት» መጽሔትና በ1919ኙ የግንቦት 4 ንቅናቄ አማካይነት ሦስቱን ማሰሪያዎች አወገዘ። በ1950 የወጣው የጋብቻ ሕግ በወላጅ የሚደረግ የግዳጅ ጋብቻንና ቁባትን ሻረ፤ ይህም በሃን ዘመን የታሰረው ማሰሪያ መፈታት ነበርና በጎ ሥራ ነው። በኅዳር 1966 የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ከቤይጂንግ የመጡ ተማሪ ቀይ ዘቦች በቹፉ ያለውን የኮንፊሽየስን ሐውልት ሰባበሩ፣ የድንጋይ ጽሑፎችን አፈረሱ፣ የዘሮቹን መቃብር ቆፍረው የ76ኛውን ትውልድ መስፍን አስከሬን አወጡ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ፊቱን መልሷል፤ ቹፉ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዘገበች፤ መቃብር የመጥረጊያው የቺንግሚንግ በዓል ከ2008 ጀምሮ የሕዝብ በዓል ሆነ፤ የኮንፊሽየስ ስምም ከ2004 ጀምሮ አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተሞች የቻይንኛ ቋንቋ ተቋማት መጠሪያ ነው።

ስሙ ሲመለስ ኑሮው ግን ተለውጦ ነበር። ከ1980 እስከ 2015 የጸናው የአንድ ልጅ ፖሊሲ ሁለት ወላጆችንና አራት አያቶችን በአንድ ትከሻ ላይ አስቀመጠ፤ ያም ልጅ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፍለጋ ከቀዬው ርቆ ይኖራል። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። በታኅሣሥ 2012 የተሻሻለው የአረጋውያን መብት ጥበቃ ሕግ ደግሞ ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ዘወትር ሊጠይቋቸው ወይም ሰላምታ ሊያደርሱላቸው እንደሚገባ፣ አሠሪዎችም ለዚሁ የሚሆን ፈቃድ መስጠት እንዳለባቸው ያዛል፤ ለተላለፈ ሰው ግን የተለየ ቅጣት አላስቀመጠም። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት በሐምሌ 1 ቀን 2013 በዉሺ ከተማ ያለ ፍርድ ቤት አንዲት ሴት የ77 ዓመት እናቷን ቢያንስ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ሄዳ እንድትጠይቅ ፈረደባት።